የጊንጆ ጉዱሩ ጭልፊት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት አገር ያያል። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ አውቶቡሱ ወደ ጊቤ ሸለቆ መውረድ ሲጀምር ካፖርት ይወልቃል፤ መስኮት ይከፈታል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ዳርና ዳሩ ግራርና ደረቅ ሣር፣ የተሰነጠቀ ገደልና ድንጋይ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱ ካለቀ በኋላ ግን ያ ሁሉ ሙቀት ይረሳል፤ ሰኮሩና አሰንዳቦ ሲደረስ አየሩ ለዘብ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታየው ሁሉ አረንጓዴ ነው። እኔም ከኮሌጅ ተመርቄ በአስተማሪነት በተመደብኩበት ጊዜ ይኸንኑ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስጓዝ፣ የጊቤን በረሃ አንድ ጊዜ አልፌው ከኋላዬ የተውኩት መስሎኝ ነበር። በረሃው ግን አንድ ላባ ሆኖ እስከ ቤቴ ደጃፍ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ይኽን የምጽፈውም ስለዚያ ላባና በላባው ምክንያት ስለ ሠራሁት ስሕተት ነው።

የምኖረው ጊንጆ ጉዱሩ ነው። ጊንጆ ጉዱሩ ከጅማ ከተማ ቀበሌዎች አንዱ ሲሆን፣ እንግዳ በመጣ ጊዜ የሚወሰደው ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ሂርማታ ገበያ ስለ ሆነ የኛን ሠፈር የሚጎበኝ የለም። ነገር ግን ማለዳ ቡና ሲቆላ ጢሱ ከቆርቆሮው ክዳን በላይ ተንጠልጥሎ ሲታይ፣ ከየግቢው አቮካዶና ማንጎ ቅርንጫፉን ወደ መንገድ ሲዘረጋ፣ እኔ ከዚህ የተሻለ የኪራይ ቤት አልመኝም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ በዓመትም 1,500 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ስለ ሆነች፣ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች እዚህ ሥራ ፈትተው አያውቁም። እንግዲህ በዚህ ጭቃና በዚህ ልምላሜ መካከል የበረሃ ወፍ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ማን ነው?

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ የቡና ለቀማው በጋለበት ሰሞን፣ ቤት ያከራዩኝ ሴት በማለዳ በሬን አንኳኩ። በእጃቸው ሁለት ላባ ይዘዋል።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህና እስቲ ይኽን እይልኝ» አሉኝ። «በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጫጩት ተወስዶብኛል። ይኸ የሌባው ልብስ ነው።»

አንዱን ላባ ያገኙት ከዶሮው ቤት አጠገብ ከአጥሩ ሥር፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ካለው ረጅም ባሕር ዛፍ ሥር ነበር። የመጀመሪያው ረዘም ያለ፣ ለስላሳ፣ ቡናማና እዚህ ግባ የማይባል ላባ ነው። ሁለተኛው ግን ጠንካራ ነው፤ በቡናማው ላይ ገብስማ ነጠብጣብ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮበታል። ዓይኔ በዚህኛው ላይ ቀረ። የመጀመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጌ ረሳሁት። ሴትዮዋ ጎረቤት ያለውን ልጅ በወንጭፍ እንዲገድልላቸው ቀጥረውት ኖሯል፤ «እትዬ፣ እባክዎን ሁለት ቀን ይታገሡኝ፤ የማን ላባ እንደ ሆነ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ለመንኳቸው።

እዚህ ላይ ስለ ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እኛ በአማርኛ ዶሮ የሚነጥቀውን ሁሉ አንዳንዴ ጭላት፣ አንዳንዴ ጭልፊት እያልን እናልፈዋለን። የጅማ ሰው በኦሮምኛ ንስሩን ሪሳ፣ ጥንብ አንሣውን አላቲ፣ ነጣቂውን ጩሉሌ ይለዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጭላት የምለው ጅራቱ እንደ ሹካ የተከፈለውንና ከሥጋ ቤት ደጃፍ የማይጠፋውን ነው፤ ጭልፊት የምለው ደግሞ ክንፉ እንደ ማጭድ የሾለውን፣ በአየር ላይ ሌላ ወፍ አሳድዶ የሚይዘውን ነው። ሁለቱ ከሩቅ ቢመሳሰሉም ዘራቸው የተራራቀ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የወጣ አንድ ሰፊ የዘር ምርመራ እንዳሳየው፣ ጭልፊት ከንስርና ከጭላት ይልቅ የሚቀርበው ለበቀቀን ነው። ይኽን ለተማሪዎቼ በነገርኳቸው ጊዜ ያላመኑኝ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

ላባ ማንበብ ግን እንደሚመስለው ረቂቅ ነገር አይደለም። ዶሮ በሚታረድበት ቀን አንባቢ አንድ የክንፍ ላባ አንሥቶ ይመልከት። በመካከሉ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ክሮች ተሰልፈዋል፤ ክሮቹም በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን መንጠቆዎች እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል። ስለዚህ ላባውን ከጫፉ ወደ ሥሩ ቢያሹት ይበታተናል፤ ከሥሩ ወደ ጫፉ ቢያሹት እንደ ገና ገጥሞ ይለሰልሳል። ቀጥሎ ዘንጉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማየት ነው። የክንፍ ላባ ከሆነ ዘንጉ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ነፋሱን የሚሰነጥቀው ጠባቡ ወገን ነው። የጅራት ላባ ከሆነ ደግሞ ነገሩ እንደ ቦታው ነው። ጭልፊት በጅራቱ 12 ላባ አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ መካከለኞቹ ሁለቱ ዘንጋቸው ልክ በመካከል ያልፋል፤ ወደ ዳር በተሄደ ቁጥር ዘንጉም ወደ ዳር እየሸሸ ይሄዳል። ይኽን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እኔ በጊዜው ልብ ስላላልኩት ነው የተዋረድኩት።

የጉጉት ላባ በመዳሰስ ብቻ ይታወቃል፤ ፊቱ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነው፤ የክንፉም የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቋል፤ ሌሊት ድምፅ ሳያሰማ የሚበረው በዚህ ምክንያት ነው። ንስር፣ አሞራና ጭላት በክንፋቸው ጫፍ ያሉት ላባዎች ከመካከላቸው ጀምሮ በድንገት ይጠባሉ፤ ወፉ ሲያንዣብብ ክንፉ ጣቱን እንደ ዘረጋ እጅ የሚመስለው ስለዚህ ነው። ጭልፊት ግን እንዲህ ያለ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ላባው ሹል፣ ደረቅና እንደ ቢላዋ የተወጠረ ነው። ቀለም ከሁሉ ይልቅ ያታልላል። አዲስ የበቀለ ላባ የጠቆረ ይሆናል፤ አንድ ዓመት ፀሐይ የመታው ላባ ግን ይነጣል፤ ጠርዙም ይበላል። መጠንም አይታመንም፤ በጭልፊቶች ዘንድ ሴቲቱ ከወንዱ በብዙ ትበልጣለችና፣ የትልቁ ዘር ወንድና የትንሹ ዘር ሴት በቁመት ሊገናኙ ይችላሉ።

ላባው 18 ሳንቲ ሜትር ነበር። የጭልፊት ጅራት ለመሆኑ አልተጠራጠርኩም። «የአፍሪካ ቀንድ ወፎች» የተባለውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በእንግሊዝኛ የታተመውን መጽሐፍ ዘርግቼ በሁለት ወፎች ላይ ደረስኩ። አንደኛው ላነር የሚባለው ነው፤ ከሰሐራ ዳርቻ ጀምሮ እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ድረስ በደረቅና ገላጣ አገር የሚኖር፣ አናቱ ዝገት የመሰለ ቀይ፣ ከዓይኑ በታች ቀጭን ጥቁር ሪዝ ያለው ወፍ ነው። ሁለተኛው ሳከር ይባላል፤ ከመካከለኛው አውሮፓ እስከ ሞንጎልያ ድረስ ባለው ሜዳና በረሃ ተራብቶ፣ ክረምቱ ሲበረታበት ከፊሉ ወደ ደቡብ ይወርድና እስከ አገራችን ይደርሳል። በስሙ ውስጥ ጭልፊት የሚለው የዓረብኛ ቃል «ሰቅር» አለበት። የሳከር የዳር ጅራት ላባ ሞላላ ነጠብጣብ አለው ይላል መጽሐፉ። የኔም ላባ ሞላላ ነጠብጣብ አለው። ወሩም ኅዳር ነው፤ ሳከር ወደ እኛ የሚመጣበት ወራት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

በማግሥቱ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ሳከር» ብዬ ጻፍኩ። ላባውን በየወንበሩ አዞርኩት። ይኽ ላባ የሞንጎልያን ነፋስ ያየ ነው፤ የካስፒያንን ባሕርና የዓረብን በረሃ አቋርጦ ጊንጆ ጉዱሩ ላይ ወድቋል እያልኩ ተረትኩላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪዎቼ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብለው አዳምጠውኝ አያውቁም። አስተማሪ የሆነ ሰው ይኽን ጸጥታ ያውቀዋል፤ የሚያሰክር ነገር ነው።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ግን የዘራሁትን ማጨድ ጀመርኩ። ከኋላ ወንበር ከሚቀመጡት አንዱ በእጅ ስልኩ ሳከር የሚለውን ስም ፈልጎ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይኽ ወፍ ለአደን እየሠለጠነ በከፍተኛ ዋጋ እንደሚሸጥ አነበበ። ወሬው በአንድ ቀን ሠፈሩን አዳረሰ። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው የናይሎን ክር ገዙ፤ አንዲት እርግብ እግሯን አስረው ለመሳቢያ አዘጋጁ፤ ከባሕር ዛፉ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ወጥመድ ዘረጉ። የሚያስቀው ደግሞ አከራዬ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ወፉ በወንጭፍ ይገደል ብለው የፈረዱት ሴት፣ አሁን «የተገኘው በኔ ግቢ ትይዩ ነውና ድርሻ አለኝ» ማለት ጀመሩ። የወንጭፉንም ልጅ ራሳቸው ከለከሉት።

እኔም ሕጉን ነገርኳቸው። በ1999 ዓ. ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ እንደሚከለክል፣ ጭልፊቶችም ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር መሆናቸውን አስረዳኋቸው። በጭልፊት ማደን በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ መዝገብ የገባ የቆየ የብዙ ሕዝቦች ባህል እንደ ሆነ፣ ሳከር ራሱ ግን ዛሬ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ወፎች ውስጥ እንደ ተመዘገበ ጨምሬ ነገርኳቸው። ይኸ የመጨረሻው ቃል ነገሩን አባሰው። «ብርቅ ከሆነማ ዋጋው ይጨምራላ!» አለኝ ወጥመዱን ያሰናዳው ልጅ። በሒሳብ ትምህርት እንዲህ ቢፈጥን ኖሮ አስተማሪው ምንኛ ደስ ባለው።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወፉ ቢያዝ ጥፋቱ የኔ ነው። ተነሥቼ አምፖሉን አበራሁና ላባውን እንደ ገና አየሁት። ያን ጊዜ ነው ዘንጉን የተመለከትኩት፤ ከአንዱ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ነበር የሚሄደው። ይኽ ማለት በእጄ ያለው ከጅራቱ ዳር የወደቀ ላባ ነው። በዳር ላባ ላይ ደግሞ ሳከርና ላነር በጣም ይቀራረባሉ፤ በተለይ ጫፉ የተበላና ፀሐይ የመታው ከሆነ መሥመሩ ተቆራርጦ ነጠብጣብ ይመስላል። ለመለየት ይበልጥ የሚረዳው መካከለኛው ላባ ነው። የሳከር መካከለኛ ላባ ብዙውን ጊዜ ልሙጥ ቡናማ ነው፤ ያደገ ላነር ግን መካከለኛው ላባው ሳይቀር ከዳር እስከ ዳር በአግድም መሥመር የተሸነሸነ ነው። እኔ አጥሩን አይቼ ስለ ቤቱ ፈርጄ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ አራት ተማሪዎች አስከትዬ ወደ ጅሬን አቅጣጫ ወጣሁ። አንዱ ያ ወጥመድ የዘረጋው ልጅ ነበር፤ ይምጣ ያልኩት ከዓይኔ እንዳይርቅ ብዬ ነው። የሄድንበትም ምክንያት ወፉ ጧት ጧት ወደዚያ ሲበር በማየታችን ነበር። መንገዱ እየጠበበ፣ ቤቱ እየሳሳ፣ የቡናው ዛፍ ከትልልቅ ጥላ ዛፎች ሥር እየበዛ ይሄዳል። ሴቶች ቀይ እሸት በቅርጫት ተሸክመው ይወርዳሉ። ከኮረብታው አናት ላይ እስከ 1924 ዓ. ም. ድረስ ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ ከእንጨት የተሠራው ሰገነቱ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከተማው ሁሉ በእግሩ ሥር ነው። ያን ቀን ግን እስከዚያ አልወጣንም። ከዳገቱ ግርጌ፣ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ በሚጠበቅበት ቦታ፣ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አገኘንና ሰላምታ ሰጥተን ቆምን።

ሽማግሌው ጠጉራቸው የነጣ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጀንፈሉን በእጃቸው እያገላበጡ ጥያቄያችንን ሰሙ። እኔ ስለ ሞንጎልያ ስናገር አላቋረጡኝም። ስጨርስ ፈገግ ብለው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ተማሪዎቹም አስተረጎሙልኝ፤

«ባርሲሳ፣ ይኽ ወፍ ከየት አገር መጣ ትላለህ? እኔ በሐምሌ ዝናብ ከዚህ ጎጆ ሥር ተጠልዬ ሳለሁ እዚያ ደረቅ ዛፍ ላይ ሲረጥብ አየዋለሁ። ሁለት ናቸው፤ ባልና ሚስት። ቤት መሥራት አያውቁም፤ የቁራ ጎጆ ነጥቀው ይገባሉ። ዘንድሮ ሦስት ልጅ አውጥተዋል።»

ባርሲሳ ማለት አስተማሪ ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ ስሙ ለኔ የሚገባ መስሎ አልተሰማኝም።

ሽማግሌው ይኽን ብለው ቆባቸውን አነሡና ከጠርዙ ውስጥ የተሰካ አንድ ላባ መዘዙ። ጆሯቸውን የሚያጸዱበት ነበር። ተቀብዬ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። ዘንጉ ልክ በመካከል ያልፋል። ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ፣ ገብስማ መሥመር እንደ መሰላል ተጋድሞበታል። ያ ወጥመድ የዘረጋው ልጅ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ መሥመሮቹን ቆጠረና «ላነር ነዋ» አለ ቀስ ብሎ፤ ዋጋው ሲወርድ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ላባው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ነገሩን ባልዘጋሁት ነበር። ከምሥራቅ በኩል ከሚመጡት ሳከሮች ውስጥ መካከለኛ ላባቸው መሥመር ያለበት ይገኛሉ፤ ከወጣት ላነሮችም ውስጥ መካከለኛ ላባቸው ልሙጥ የሆነ አለ። ክርክሩን የቆረጠው የሽማግሌው ሐምሌ ነው። በሐምሌ ወር ሳከር በሰሜን አገሩ ነው እንጂ በጅማ ዝናብ አይመታም፤ በቁራ ጎጆ ውስጥ ሆኖም በጅሬን ግርጌ ልጅ አያሳድግም። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ ተቀምጦ የጠበቀ ሰው ምስክርነት በእጄ ካለው መጽሐፍ የበለጠ አንድ ገጽ ነበረው።

እንግዲህ የኛ ወፍ እንግዳ ሳይሆን ባለአገር ሆነ። በኢትዮጵያ የሚኖረው የላነር ወገን በሳይንስ መዝገብ «ፋልኮ ቢያርሚኩስ አቢሲኒኩስ» ተብሎ ይጠራል፤ ስሙን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ያወጣለት ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን ነው። ይኽ ሰው ከካርሎ ፎን ኤርላንገር ጋር አገራችን መጥቶ በ1900 እና በ1901 በደቡብና በምዕራብ በኩል ወፍ እየሰበሰበ የተጓዘ ነው። የበረሃ ወፍ በቡና አገር ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ፣ እኔ መልሱን ያገኘሁት ያንን የአውቶቡስ መንገድ መልሼ ሳስበው ነው። ለኛ የጊቤ ቆላና የጅማ ደጋ ሁለት አገር ናቸው፤ በሰዓት ብዙ ኪሎ ሜትር ለሚበር ወፍ ግን የአንድ ቤት ሁለት ክፍል ናቸው። ላነር የሚፈልገው አሸዋውን አይደለም፤ ገላጣ ሜዳ፣ ከፍ ያለ መቀመጫና የሚታደን እርግብ ካገኘ ይበቃዋል። ከተማ ሲሰፋና ጫካው ሲመነጠር ይኽ ሁሉ ይገኛል። የስልክ ማማው ገደል ሆነለት፤ የቡናው መጋዘን ጣራ ደግሞ እርግቡን አበዛለት። ይኽ መልካም ምልክት ነው ብዬ ለማለት ግን ይከብደኛል።

ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ሳከር» ብዬ ጻፍኩና በመካከሉ መሥመር አሰመርኩበት። ሥሩም «ላነር» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት እንደ ተሳሳትኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። የዛሬው ጸጥታ ያለፈው ሳምንት ዓይነት አልነበረም። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ አንድ ላባ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ለምን ይጠቅማል?» ብላ ጠየቀችኝ። የፈተና ጥያቄ ይሆናል ወይ ማለቷ እንደ ሆነ ገብቶኛል።

መልሴ ይኽ ነበር። በመስከረም 5 ቀን 1981 ዓ. ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች ውስጥ 35ቱ ሞቱ። እርግቦቹም ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣራ የምናያቸው ናቸው። ከዚያ አስቀድሞ፣ በመስከረም 24 ቀን 1953 ዓ. ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ እንዲሁ ያለ አደጋ ደርሶ 62 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሞተሩ የወጣውን የላባ ቁርጥራጭ መርምራ ስታርሊንግ የተባለው ትንሽ ወፍ መሆኑን ያረጋገጠችው በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ትሠራ የነበረች ሮክሲ ሌይቦርን የምትባል ሴት ናት። የወፉ ዓይነት ከታወቀ ክብደቱ ይታወቃል፤ ክብደቱ ከታወቀ መሐንዲሱ ሞተሩ ምን ያህል መቋቋም እንዳለበት ይለካል፤ የአውሮፕላን ማረፊያውም ሹም የትኛውን ወፍ ከሜዳው ማራቅ እንዳለበት ያውቃል። ልጅቷ ጻፈችው። ወጥመዱን የዘረጋው ልጅ ግን እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ላነርስ ስንት ያወጣል?» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አልቀረሁም። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው ብዬ መለስኩለት።

ወጥመዱ በዚያው ቀን ተነሣ። እርግቢቱ ተፈታች፤ አንድ እግሯን ጥቂት እያነከሰች ወደ መጋዘኑ ጣራ በረረች። ክሩ ዛሬ በአከራዬ ግቢ ውስጥ የልብስ ማስጫ ሆኗል፤ ከሽያጩ የቀረባቸውን ድርሻ በዚህ ተክሰዋል። ሁለቱ የጅራት ላባዎች ጎን ለጎን በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፈው በክፍላችን ግድግዳ ላይ ይገኛሉ። ሽማግሌው የጆሮ ማጽጃቸውን የሰጡኝ በምትኩ የዶሮ ላባ እንዳመጣላቸው ተስማምተን ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ሳለ አከራዬ አንድ ማታ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ሁለተኛውን ስኒ ሲቀዱልኝ፣

«ለመሆኑ ልጄ፣ የኔን ጫጩት የበላው ማን ነው?» አሉኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሬ የረሳሁትን የመጀመሪያውን ላባ ፈልጌ አመጣሁ። ረጅም ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ቡናማ ሆኖ የደበዘዘ መሥመር አለበት፤ ዘንጉም ወደ ጠርዙ አድልቷል። ከጅራት ዳር የወደቀ ሆኖ እንዲህ መርዘሙ፣ ወፉ ዳሩ ከመካከሉ የሚረዝም ሹካ ጅራት መሆኑን ያሳያል።

«ጭላት ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። «ያ በየቀኑ ከሥጋ ቤቱ በላይ የሚያንዣብበው። ጭልፊቱም ጫጩት አይነካም ብዬ አልምልልዎትም፤ ከአጥርዎ ሥር የተገኘው ላባ ግን የጭላት ነው። ጫጩቶቹን እስኪያድጉ በቅርጫት ቢከድኗቸው ይሻላል።»

ላባውን ተቀብለው ወደ መብራቱ አስጠግተው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«እሱንስ» አሉ፣ «የሚገዛ ዓረብ የለም?»